የቸርችል ዳገት ፈተና፦ መካከለኛ ኤስ ዩ ቪ አመራረጥ፣ አሟላልና አያያዝ

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መኪና ሊገዛ ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ደውሎ «ጋሼ፣ እስቲ አብረውኝ ይዩልኝ» አለኝ። ስንደርስ መኪናው ላቫጆ ገብቶ፣ ጎማው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ያብረቀርቃል። ደላላው ኮፋኖውን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳና «ድምፁን ስሙት! የልብስ ስፌት መኪና እኮ ነው!» አለ። ድምፁ በእርግጥ ጥሩ ነበር። «እንግዲያው የቸርችልን ዳገት አንድ ጊዜ እናውጣው» አልኩ። የደላላው ፊት ወዲያው ተቀየረ።

የዛሬው ትምህርት ከዚያች ጠዋት የተወሰደ ነው። አራዳ ውስጥ ለሚኖር ሰው የመኪና ፈታኙ ደላላውም ብሮሹሩም አይደለም፤ ዳገቱ ነው። ሲመርጡም፣ ዕቃ ሲጨምሩበትም፣ ሲይዙትም ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ነገር ዳገቱ ላይ ምን ያደርገኛል?

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። ፒያሳ ስሟን «አደባባይ» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል እንዳገኘች ሁሉ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮና ጎማም ከዚያው ቋንቋ መጥተው አማርኛ ሆነዋል። እኔም መካኒኩ በሚጠራበት ስም እጠራቸዋለሁ።

መካከለኛ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ኤስ ዩ ቪ ከቤት መኪና ከፍ ብሎ የሚቆም፣ ከኋላ ሰፊ የዕቃ ቦታ ያለው መኪና ነው። «መካከለኛ» የሚለው ልክ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካኖች ራቭ ፎርን ከትናንሾቹ ይመድቡታል፤ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ዞሮ ለመውጣት ለሚታገል ሰው ግን ትንሽ አይደለም። በርዝመት ብናስተያይ አዲሱ ሱዙኪ ቪታራ 4.2 ሜትር ገደማ፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ራቭ ፎር 4.6፣ ፕራዶ ደግሞ 4.8 ሜትር ገደማ ናቸው። በቪታራና በፕራዶ መካከል ያለው 60 ሴንቲ ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ከእሪ በከንቱ ጠባብ መንገድ ላይ ከፊት ሌላ መኪና ሲመጣ ግን ማን ወደ ኋላ እንደሚመለስ የሚወስነው እሱ ነው።

ሌላው ልዩነት ከታች ነው። ፕራዶ እንደ ጭነት መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ አለው፤ ለገጠር መንገድና ለጭነት የተሠራ ነው። ራቭ ፎር በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ግን ቦዲውና ሻንሲው እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ ሆኖ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ይቀላል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጉዞው ይለሰልሳል። ዓመቱን ሙሉ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ መርካቶ ለሚመላለስ ሰው የሚበቃው ይኸኛው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ገጠር ለመሄድ ሲባል የቀረውን 360 ቀን ከባድ መኪና መንዳት አያዋጣም።

ከፍታው ከሞተሩ ምን ይወስዳል?

ፒያሳ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከአንድ አምስተኛ እስከ ሩብ የሚደርስ ጉልበቱን ያጣል። በመጽሐፉ ላይ 150 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ 115 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ተርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙውን ያካክሳል። ስለዚህ 1.5 ሊትር ተርቦ ያለው ሞተር ዳገት ላይ 2.0 ሊትር ተርቦ የሌለውን ቢቀድም አይግረማችሁ።

ከፍታው ውኃንም ይነካል። በዚህ ግፊት ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተሩ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝለት ነው፤ ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይቋቋማል። የክዳኑ ላስቲክ ካለቀ ግን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዳገት መሃል ይፈላል፣ ጓርኒሲዮን ይበላል፣ ከዚያ ቴስታታ ማውረድ ይመጣል። አንዲት ርካሽ ክዳን የአንድ ሞተር ዕጣ ትወስናለች።

ገበያው ላይ ያለው

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንደማይገባ ካስታወቁ ወዲህ ገበያው ለሁለት ተከፍሏል። በአንድ በኩል ቀድሞ የገባ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የቤንዚንና የናፍጣ መኪና አለ፤ በሌላ በኩል በአብዛኛው ከቻይና የሚመጣ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና አለ። የመጀመሪያውን የሚገዛ ሰው የሰውን ታሪክ ይገዛል፤ ሁለተኛውን የሚገዛ ደግሞ ገና ያልተጻፈ ታሪክ። ሁለቱም የየራሳቸው መመርመሪያ አላቸው።

ያገለገለ ሲሆን፦ ቆሞ ሳለ የሚታይ

መጀመሪያ ሊብሬውን ተቀበሉና የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ። ፎቶ ኮፒ ካሳዩአችሁ ዋናውን ጠይቁ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም አዲስ ብየዳ ያለበት ከሆነ ዋጋ መከራከር አያስፈልግም፤ አመስግኖ መሄድ ነው።

ሁለተኛ፣ መሪው ከፋብሪካው በግራ ነበር ወይ? ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ በቀኝ ትነዳለች፤ ከጃፓን ገበያ የሚመጣ መኪና ግን መሪው በቀኝ ነውና መንገድ ላይ ተቀይሮ የመጣ አለ። ይህን የሚያጋልጠው የዝናብ መጥረጊያው ነው። መስታወቱን አርጥባችሁ መጥረጊያውን አንድ ጊዜ አስኪዱት። ሳይጠረግ የሚቀረው ጥግ በሾፌሩ በኩል ከሆነና ንጹሑ ሰፊ ቦታ ለተሳፋሪው ከደረሰ፣ መሪው ተዛውሮ መጥረጊያው የቀድሞ ቦታው ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በክረምት ዝናብ ይህ የሚያስከፍለውን አስቡት።

ሦስተኛ፣ ጎማውን አንብቡት። ከጎኑ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ። 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ በእኛ ግንቦት 2011 አልቆ ሰኔ ሲገባ። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ በዕድሜ ሊደርቅና ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ጥቁሩ ቀለም የሚቀባውም ብዙ ጊዜ ስንጥቁን ለመሸፈን ነው።

አራተኛ፣ ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳለ አግኙት። እጃችሁን ኮፋኖው ላይ አድርጉ፤ ከሞቀ ባለቤቱ ቀድሞ አስነስቶታልና የጠዋቱን ጭስ አታዩም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ይበላል ማለት ነው። ነጭ ጭስ ለጥቂት ደቂቃ የጠዋት እንፋሎት ሊሆን ይችላል፤ ከሞቀም በኋላ ካልቆመ ግን ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው።

ያገለገለ ሲሆን፦ ዳገቱ የሚናገረው

አሁን ቸርችልን ለመውጣት ከለገሃር ተነሱ። እስከ ብሔራዊ ቴአትርና ፖስታ ቤት ያለውን መንገድ ካምቢዮውን ለማዳመጥ ተጠቀሙበት፤ ማርሽ ሲቀይር ይነጥቃል ወይስ ይንሸራተታል? ቴዎድሮስ አደባባይ ስትደርሱ የሴባስቶፖልን መድፍ ምስል ታያላችሁ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ያን መድፍ መቅደላ አምባ ላይ ለማውጣት የሰው ጉልበት ምን ያህል እንደፈሰሰ ታሪክ ያውቃል። የእናንተም ፈተና ክብደትን ዳገት ማውጣት ነውና ከዚህ ይጀምራል። አራት ሰው ጫኑ፤ ባዶ መኪና ሁሉ ጀግና ነው።

ወደ ማዘጋጃ ቤት ስትወጡ መሃል ላይ፣ መንገዱ ሲፈቅድ፣ ቁሙና እንደገና ተነሱ። ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይሸታል? ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል። የሙቀቱን መርፌ እዩ፤ መሃል ላይ ረግቶ መቆየት አለበት። ስትወርዱ ደግሞ ፍሬን ስትይዙ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል፤ ወደ አንድ ወገን ከሳበ አንዱ ፍሬን በትክክል አይሠራም። ተማሪዬ ሊገዛው የነበረው መኪና መርፌ ከማዘጋጃ ቤት በታች ተነስቶ ከቀይ አፋፍ ደረሰ፤ ደላላው ያን ሲያይ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። ጉዳዩ እዚያ አለቀ።

ኤሌክትሪክ ሲሆን

ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግምና ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ዳገቱ ለእሱ ቀላል ነው። ብልጫው ቁልቁለት ላይም ይታያል፦ የፍጥነት ፔዳሉን ስትለቁ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፣ የፍሬን ሸራውም ዕድሜ ያገኛል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ከእንጦጦ ብትወርዱ ማስገቢያ ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ኃይል ይቀንሳል፤ ፍሬናችሁን ያን ቀን በተለየ ትፈልጉታላችሁ።

ስትገዙ ሦስት ነገር ጠይቁ። የቻርጅ መሰኪያው የቻይና ነው የአውሮፓ? ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና መሰኪያው ከአውሮፓው ጋር አይገጥምምና በሰፈራችሁ ያለው ማሽን የትኛውን እንደያዘ አስቀድማችሁ እዩ። ስክሪኑ ከቻይንኛ ሌላ ቋንቋ አለው? የባትሪው ዋስትና እዚህ አገር የሚሠራ ነው ወይስ ወረቀት ብቻ?

ከዚያ ቤታችሁን መርምሩ። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሽቦ የተዘረጋው ለአምፖልና ለሬዲዮ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ የሚያደርግ መኪና ቀጭን ሽቦ ላይ መሰካት እሳት መጋበዝ ነው፤ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ስለ ጊዜው አትስጉ። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ2.2 ኪሎ ዋት ሶኬት ከባዶ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በቀን 35 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ግን የሚያወጣው 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሦስት ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

ምን ይጨመር፣ ምን ይቅር?

አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው «ጌጥ» ስፖኪዮን ማስጠበቅ ነው። የታርጋ ቁጥርን ስፖኪዮው መስታወት ላይና መብራቱ ላይ ማስቀረጽ ርካሽ ነው፤ ሌባው የተቀረጸበትን ለመሸጥ ስለሚቸገር ወደ ሌላው ያልፋል። ቀጥሎ እሳት ማጥፊያ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ክሪክና የሚሠራ ትርፍ ጎማ። ትርፉ ጎማ አየር እንዳለው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በተቸገሩበት ሌሊት ነው፤ እናንተ ዛሬ እዩት።

የጣሪያ ፖርታ ባጋዝ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ከላይ የተጫነ ዕቃ መኪናውን ያንጋድደዋል፣ ኩርባ ላይም ሊጥለው ይችላል። ጣሪያው ስንት ኪሎ እንደሚችል በመምሪያው ላይ ተጽፏል፤ የፖርታ ባጋዙ ክብደት ራሱ ከዚያ ይቀነሳል። የወንበር ልብስ ስታሰፉ ከወንበሩ ጎን «ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ ካለ በዚያ በኩል አትዝጉት፤ በአደጋ ጊዜ የሚፈነዳው ከዚያ ነው። ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ መደረብም ይቅር፤ ተንሸራቶ ፔዳል ሥር ይገባል። ትልልቅ ቸርኬና ሰፊ ጎማ ያምራል፤ ነገር ግን ጎማው በከበደ ቁጥር ሞተሩ ዳገት ላይ ያቃስታል፣ ኩሽኔታም ቶሎ ያልቃል።

አያያዝ

የከተማ መንገድ ቆም፣ ተነስ፣ ዳገት፣ አቧራ ነው። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ቢሆንም ሞተሩ ብዙ ይሠራልና በየ5,000 ኪሎ ሜትር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ መቀየር ጥሩ ልማድ ነው። የአየር ፊልትሮውን በበጋ ቶሎ ቶሎ እዩት፤ ከተደፈነ በቀጭኑ አየር ላይ ሌላ ጉድለት ይጨምራል። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውኃ ዝገትና ዝቃጭ ያመጣል፤ ኩላንት አድርጉበት። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ውስጡ ያለው ውኃ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ስትወርዱም ማርሽ ዝቅ አድርጋችሁ በሞተሩ ያዙት እንጂ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ አትውረዱ።

አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክር መኪና ካላችሁ ይህን ከእኔ ስህተት ተማሩ። አንድ ጊዜ ለቁጠባ ብዬ ሁለት አዲስ ጎማ ከፊት አድርጌ ያለቁትን ሁለቱን ከኋላ ተውኳቸው። ያለቀ ጎማ ዙሪያው ያንሳልና ከአዲሱ የበለጠ ይዞራል፤ የፊትና የኋላውን የሚያገናኘው ክፍል ይህን ልዩነት ሲታገል ውሎ ይግላል። በወሩ ከሥር ማጉረምረም ጀመረ። ለመካኒክ የከፈልኩት የአራቱንም ጎማ ዋጋ ይበልጥ ነበር።

ደብተር ያዙ

ለተማሪዎቼ የምሰጠው የመጨረሻ የቤት ሥራ አንድ ነው። መኪናውን በገዛችሁበት ቀን ቸርችልን ውጡና የሙቀቱ መርፌ የቆመበትን፣ የተጠቀማችሁበትን ማርሽና የሰማችሁትን ድምፅ ጻፉ። ቦሎ በምታሳድሱበት ወቅት በየዓመቱ ያንኑ ዳገት፣ በዚያው ማርሽ፣ ያንኑ ያህል ሰው ጭናችሁ ውጡና እንደገና ጻፉ። መኪና በአንድ ቀን አይታመምም፤ በጥቂት በጥቂቱ ነው፣ እኛም እየለመድነው እንሄዳለን። አምና በሦስተኛ ማርሽ የወጣችሁትን ዘንድሮ በሁለተኛ ካልሆነ መውጣት ካልቻላችሁ ደብተራችሁን ይዛችሁ መካኒኩ ዘንድ ሂዱ።