እንጥሏን አታስነኪ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅቡቲ፣ ፔካ 12 ነው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። የ5 ወር ልጄን ጉንፋን ይዟት ታስላለች፤ አፍንጫዋ እየተደፈነ መጥባት ያስቸግራታል። እንጀራ ስሸጥ ልጄን የሚይዙልኝ ጎረቤቴ እትዬ አፍንጫዋ ውስጥ ቅቤ ያደርጉላታል፤ «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ» እያሉም ወጥረው ይዘውኛል። እናቴ ማለት ናቸው፤ እምቢ ብል ይቀየሙኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንጥሏን አታስነኪ። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ እንጥል አይደለም። ምላጩ ግን ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ መንጋጋ ቆልፍም ሊያስከትል ይችላል። ቅቤውም ይቅር፤ ወደ ሳንባ ከገባ ሌላ በሽታ ነው።

ለአፍንጫዋ ሩብ ሊትር ውኃ አፍልተሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሪበት። ለብ ሲል፣ ከመጥባቷ በፊት በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ሁለት ጠብታ አድርጊላትና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊላት። በየቀኑ አዲስ አዘጋጂ። ጡትሽን ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ ስጫት። የጅቡቲ ሙቀት አስጨንቆሽ ውኃ እንዳትሰጫት፤ 6 ወር እስኪሞላት የጡት ወተት ይበቃታል። ማር ዓመት ሳይሞላት አይሆንም። የሳል ሽሮፕም ሆነ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አትስጫት። ከምጣዱ ጭስና ከዕጣኑ አርቂያት፤ የመንገዱ አቧራ ይበቃታል።

ሳሉ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ እሱ ብቻውን አያስደንግጥሽ። ትንፋሿን ግን ቁጠሪ። ስትተኛ ልብሷን ገለጥ አድርጊና ስልክሽ ላይ ሰዓት ይዘሽ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሆዷ ከፍ ዝቅ ሲል ቁጠሪ። 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ በታች ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ጡት እንቢ ካለች፣ የጠባችውን ሁሉ ካስመለሰች፣ ከተዝለፈለፈች ወይም ካንቀጠቀጣት ሌሊትም ቢሆን ባልባላ ሆስፒታል ይዘሻት ሩጪ። ባልሽ ከመንገድ እስኪመለስ አትጠብቂ።

የእትዬን ነገር በተመለከተ፣ ፊት ለፊት «አልፈልግም» አትበያቸው። «ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ፣ ሶማልኛውን እርስዎ ያግዙኛል» በያቸው። ክልከላው ከሐኪሙ አፍ ይውጣ፤ ትልቅ ሰው ከጎረቤት ልጅ ይልቅ ነጭ ጋውን ያከብራል። የክትባት ካርዷንም ያዢ፤ በ5 ወሯ ሦስቱን ዙር መጨረስ ነበረባት። ትንፋሽ መቁጠሩንም አሳዪያቸው። ቀን ቀን ልጅሽን የሚያዩት እሳቸው ናቸውና አንቺ ሳትኖሪ የሚቆጥር ሰው ያስፈልግሻል።

ይህ ሁሉ ተነግሯቸው «እኔ ራሴ ወስጄ አስቆርጣታለሁ» ካሉ ግን ልጅሽን ለሳቸው ትተሽ አትውጪ። ይቀየሙ። አዝለሻት ሽጪ ወይም ለሌላ ጎረቤት ስጫት፤ እትዬን በበዓል ቡና አፍልተሽ ትታረቂያቸዋለሽ።