ስሙ ሳይሆን አጠራሩ



በአንድ ዘመቻ ላይ ከሙሃጂሮች አንዱ ከአንሷር የሆነን ሰው መታ። የተመታው «አንሷሮች ድረሱልኝ!» አለ፤ የመታውም «ሙሃጂሮች ድረሱልኝ!» ሲል ተጣራ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ የጃሂሊያ ጥሪ መሆኑን ተናገሩ፤ ጥንብ ነውና እንዲተዉትም አዘዙ። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

አንድ ነገር እናስተውል። «ሙሃጂር» እና «አንሷር» አላህ በቁርኣን ያወደሳቸው ስሞች ናቸው። ታዲያ ጥንብ የተባለው ምኑ ነው? ስሙ ሳይሆን አጠራሩ ነው። «ማን በደለ?» ተብሎ መዳኘት የነበረበት የሁለት ሰዎች ጠብ «የማን ወገን ነህ?» ወደሚል ተለወጠ። የሙናፊቆቹ አለቃ ዐብደላህ ኢብኑ ኡበይም ወሬው ሲደርሰው ሙሃጂሮችን ከመዲና ስለማስወጣት ማውራት ጀመረ።

ሰው በዘሩ የሚጠመደው ብዙ ጊዜ ሲፈራ፣ ሲከፋውና ብቻውን የቀረ ሲመስለው ነው። አዲስ ተማሪ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ሲያገኝ እፎይ ይላል፤ ነውር የለበትም። አላህ በነገድና በጎሳ ያደረገን እንድንተዋወቅ ነው፤ ክብር ግን በተቅዋ ነው (አል-ሑጁራት 13)። ችግሩ በዶርም የውሃ ወረፋ የተነሳ ጠብ ስልክ ተደዋውሎ የብሔር ሲሆን ነው።

ስለዚህ «የኛ ልጅ ተመታ» ተብሎ ሲደወልልን፣ ከመነሳታችን በፊት «ማን በደለ?» እንበል። በዳዩ የኛ ልጅ ከሆነ፣ እርዳታችን እጁን መያዝ ነው። ብቻውን የሚበላውን አዲስ ተማሪም ዛሬውኑ ወደ ማዕዳችን እንጥራው። ወንድም ያገኘ ሰው የጎሳ ጥሪ ቶሎ አያስነሳውም።

ወላሁ አዕለም።