ብድር የሚረዳው መቼ ነው? የሚጎዳውስ?



ደሴ ፒያሳ ለሚኖር ነጋዴ ባንክ ቅርቡ ነው። ለገጠሩ ገበሬ ግን የባንክ በር ለረጅም ዘመን እንደ ተዘጋ ነበር። ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ የገበሬው መሬት ደግሞ አይሸጥም። ስለዚህ ዘር ወይም በሬ ሲቸግረው የሚሄደው አራጣ አበዳሪ ዘንድ ነበር።

ይህን ለማቃለል በ1988 ዓ.ም. የአነስተኛ ብድር ተቋማት አዋጅ ወጣ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ ሲሠራ ቆየና እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ሆነ። ዘዴው ጎረቤታሞች ተሰባስበው አንዱ ለሌላው ዋስ እንዲሆን ማድረግ ነበር።

ታዲያ ብድር ብቻውን ድህነትን ያጠፋልን? እ.ኤ.አ. በ2015 በስድስት አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ታተሙ፤ አንደኛው በአማራና በኦሮሚያ ገጠር የተካሄደ ነው። ብድር አንዳንዶችን ቢረዳም የአብዛኛውን ቤተሰብ ኑሮ በጉልህ እንዳልለወጠ አሳዩ። ነገሩን በምሳሌ እንመልከት።

ሁለት ጎረቤታሞች እኩል ገንዘብ ተበደሩ እንበል። አንደኛዋ እናት በጎች ገዝታ ሦስት ወር አደለበችና ለዓመት በዓል ኮምቦልቻ ገበያ አወጣች፤ ዕዳዋን ከፍላ ትርፍ አገኘች። ሁለተኛው ለበልግ ዘር ተበደረ። ዝናቡ ቀረ፤ የመክፈያው ቀን ግን አልቀረም። የእርሻ በሬውን በርካሽ ሸጠ። በሬውን የሸጠ ገበሬ ዝናብ ቢመለስም በቶሎ እንደማይነሣ ወሎ በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ አይቷል።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን።

1. መክፈያው ከገቢው ጋር ይስማማ። የደጋ በልግ አራሽ የሚያጭደው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ከዚያ በፊት አይጠየቅ። ዝናብ ከቀረም ጊዜው ይራዘምለት።

2. ቁጠባ ይቅደም። እቁብ የሚጥል ሰው በየጊዜው መክፈልን ለምዷል። ጥቂት ተቀማጭ ያለው ሰውም በክፉ ቀን በሬውን ለገበያ አያወጣም።

3. የሚበላው ላጣ ሰው ዕዳ አትጨምሩበት። መጀመሪያ እህል፣ ቀጥሎም ዘር ወይም እንስሳ ያለ ዕዳ ይሰጠው፤ በእግሩ ሲቆም ይበደራል።

ለውይይት፦ በቀበሌያችሁ ዝናብ ቢቀር ተበዳሪው ምን ይሸጣል? ወለድ በእምነቱ ለማይፈቀድለት ሙስሊም ጎረቤታችሁስ ምን መንገድ አለ? ገንዘቡን ከማደላችሁ በፊት መልሱን አግኙ።