የልጆችን ንብረት በጽሑፍ አደራ ማስቀመጥ፦ ደረጃ በደረጃ

አምበር ላይም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ አባወራ ሕመሙ ሲጠናበት ወንድሙን ያስጠራና «ልጆቼን አደራ» ይለዋል። ወንድምየው እንባውን እየጠረገ «ምን በወጣህ» ይላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ቤቱን ማን ያከራይ፣ ኪራዩ የት ይቀመጥ፣ ወፍጮው ሲሰበር በማን ገንዘብ ይጠገን፣ ልጆቹ ስንት ዓመት ሲሞላቸው ይረከቡ የሚለውን ያነሣ ሰው የለም። ከተዝካሩ በኋላ ጭቅጭቁ ይጀምራል። አጎት ሁሉ ቀማኛ ነው ማለቴ አይደለም። የራሱና የአደራው ገንዘብ በአንድ ኪስ ሲገቡ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ የቱ የማን እንደሆነ ራሱም አያውቀውም።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መላ አበጅቷል። ከቁጥር 516 ጀምሮ ያሉትን አንቀጾች ያነበበ እንደሚያገኘው፣ አንድ ሰው ከንብረቱ የተወሰነውን ለይቶ፣ ራሱን የቻለ ሀብት አድርጎ፣ ባለአደራ በትእዛዙ መሠረት እንዲያስተዳድረውና ጥቅሙ ለመረጠው ሰው እንዲውል ማድረግ ይችላል። ንብረቱ ከባለአደራው የግል ሀብት የተለየ ስለሆነ፣ ባለአደራው ዕዳ ቢገባ አበዳሪዎቹ የልጆቹን ቤት ሊያሸጡበት አይችሉም። የቃል አደራ ይህን ጥበቃ አይሰጥም።

ደረጃ 1፦ የእርስዎ የሆነውን ይለዩ

ወረቀቶቹን ሁሉ ከሣጥን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ፤ የከተማውን ቤት ካርታ፣ የመሬት ደብተሩን፣ የባንክ ደብተሩን፣ የወፍጮውን መግዣ ደረሰኝ። ቀድሞ አብቁተ ይቆጥቡ የነበሩ ሰዎች ተቋሙ ዛሬ ጸደይ ባንክ መሆኑን አይርሱ፤ የቆየው ደብተር ቤተሰቡ የማያውቀው ገንዘብ ሊኖረው ይችላል።

ከዚያ ሦስት ቦታ ይክፈሏቸው። የመጀመሪያው የግልዎ ብቻ የሆነው ነው። ሁለተኛው በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ሲሆን፣ በአንድ ሰው ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ እርስዎ በአደራ ማስቀመጥ የሚችሉት ግማሹን ብቻ ነው፤ የባለቤትዎን ድርሻ የጨመረ ኑዛዜ ለክርክር በር ይከፍታል።

ሦስተኛው የገጠር መሬት ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የባለቤትነት መብት የለውም። ይህ መብት የሚወረስበትን መንገድ የሚወስነው የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 እንጂ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ አይደለም። የእኔ ምክር መሬቱን ከአደራው ጋር አለመቀላቀል ነው። ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ደብተሩን ይዘው ይሂዱና ለብቻው ይጨርሱት። አደራው ውስጥ ቤት፣ ወፍጮ፣ ገንዘብ፣ ከብት ይግባ።

ከዕዳ ለማምለጥ ግን አደራን አይሞክሩ። የሟች ዕዳ ከውርሱ ላይ ቀድሞ ይከፈላል።

ደረጃ 2፦ ማን እስከ መቼ ይጠቀም?

አደራ ባይኖር ሕጉ የሚለው ቀላል ነው፤ በሕይወት ያለው ወላጅ አሳዳሪና ሞግዚት ሆኖ ይቆያል፣ ልጁም 18 ዓመት ሲሞላው ድርሻውን ይረከባል። 12ኛ ክፍልን ገና የጨረሰ ልጅ ቤት ሲረከብ ምን እንደሚሆን የአገሬው ሰው ያውቀዋል፤ ከገበያው ማዶ ባጃጅ ሻጭ አለ። በአደራ ጽሑፍ ግን መረከቢያውን 23 ወይም 25 ዓመት ማድረግ፣ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ለትምህርትና ለሕክምና እንዲከፈል ማዘዝ ይቻላል። የአካል ጉዳት ላለበት ልጅ ወይም ለአረጋዊት እናት ከሆነ ዕድሜ ልክ ሊደረግ ይችላል።

ተጠቃሚዎቹን በሙሉ ስማቸው፣ በልደት ምስክር ወረቀታቸው ላይ ባለው ቀን ይጻፉ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ካለ ደብቆ ማለፍ ጽሑፉን ለክርክር ያጋልጠዋል እንጂ አያድነውም፤ ሕጉ ልጆችን አይለይም። ለአንዱ ልጅ አብዝተው ሊሰጡ ከሆነም፣ ከሚገባው ድርሻ ከአንድ አራተኛ በላይ የጎደለበት ልጅ መክሰስ እንደሚችል ይወቁ።

ደረጃ 3፦ ባለአደራውን መምረጥ

ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት የሚወዱትን ሰው ነው፤ እኔ ሒሳብ የሚጽፈውን ብመርጥ እመርጣለሁ። ዕቁብ ሰብስቦ ወይም የእድር ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሳይጎድልበት ያስረከበ ሰው፣ ከዘመድነቱ ይልቅ ደብተሩ ይመሰክርለታል።

የሚከለከሉም አሉ። በቤቱ ውስጥ በኪራይ የሚኖረው ዘመድ ባለአደራ አይሁን፤ ኪራይ ከራሱ ላይ አይጨምርም። ወፍጮውን ለመግዛት ሲጠይቅ የኖረ ሰውም እንዲሁ። የሚቻል ከሆነ ከእናት ወገን አንድ፣ ከአባት ወገን አንድ ሰው አድርገው ሁለት ይሹሙ፤ ገንዘብ ከባንክ የሚወጣው በሁለቱም ፊርማ ይሁን። አንዱ ቢሞት ወይም አገር ቢለቅ ማን እንደሚተካውም ይጻፉ። ባለአደራው ቢያጎድል ወይም ሥራውን ቢተው ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል፤ ተተኪው አስቀድሞ ከተጻፈ ግን ልጆቹ በቀጠሮ አይንከራተቱም።

ሰውየውንም ይጠይቁት። ብዙ ሰው «አደራ» ሲባል እምቢ ማለት ያፍራል፤ ስለዚህ ብቻውን አግኝተው፣ ከሰው ፊት ራቅ አድርገው ይጠይቁት። ለድካሙ ምን እንደሚከፈለው ቢጻፍ ነውር የለውም። በነፃ የሚሠራ ባለአደራ ከአደራው ለራሱ ይከፍላል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ደረጃ 4፦ ትእዛዙን መጻፍ

«ልጆቼን ይንከባከብልኝ» ትእዛዝ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል፦

«በአምበር ከተማ የሚገኘው ባለ ሦስት ክፍል የኪራይ ቤቴ ለሁለቱ ልጆቼ ጥቅም በባለአደራ እንዲተዳደር አዝዣለሁ። ኪራዩ ለዚሁ አደራ ብቻ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይገባል። ከዚያም መጀመሪያ የቤቱ ግብርና ጥገና፣ ቀጥሎ የልጆቹ ትምህርትና ሕክምና ይከፈላል፤ የተረፈው ይጠራቀማል። ባለአደራው ቤቱን አይሸጥም፣ አያስይዝም፣ ራሱም አይከራየውም። በየዓመቱ መስከረም ላይ የገቢና የወጪ ሒሳቡን ለእናታቸውና ለሁለት ሽማግሌዎች ያሳያል። ታናሹ 23 ዓመት ሲሞላው ቤቱና ገንዘቡ ለሁለቱ እኩል ይተላለፋል፤ አደራውም ያበቃል።»

የወር ቀለብ የሚወስኑ ከሆነ በብር ብቻ አይወስኑ። ዛሬ የሚበቃ ብር ልጁ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ደብተር ላይገዛ ይችላል። «በዓመት ይህን ያህል ኩንታል ጤፍ ወይም በጊዜው ዋጋ የሚተመን ገንዘብ» ቢባል ዋጋው አብሮት ይሄዳል።

ደረጃ 5፦ ሕጋዊ መልክ መስጠት

አደራ በስጦታ ወይም በኑዛዜ ይቋቋማል፤ ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚስማማው ኑዛዜ ነው፣ በሕይወት እስካሉ ድረስ ሊሽሩት ወይም ሊያሻሽሉት ይችላሉና። ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በይዘቱ ሳይሆን በአጻጻፉ ነውና እዚህ ላይ ሥርዓቱን አይናቁ።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ በራሱ በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም እዚያው ይፈርማሉ። «ተነቦ ተሰምቷል» የሚል መስመር ስለጎደለ ብቻ ብዙ የተደከመበት ወረቀት ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል፤ መንገዱን ከቻሉ ይህን ይምረጡ፣ በተለይ በጣት አሻራ ለሚፈርም ሰው። ከአደራው የሚጠቀም ሰው ምስክር አይሁን።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አይናዘዙ። በመዋደድ «አብረን» ብለው የሚጽፉት ኑዛዜ በሕጉ ዋጋ የለውም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ይጻፍ።

በገዛ እጅዎ ብቻዎን የሚጽፉት ኑዛዜም ይፈቀዳል፤ ሙሉ በሙሉ በእጅዎ የተጻፈ፣ ቀን ያለበትና የተፈረመ መሆን አለበት፣ ኑዛዜ መሆኑንም መናገር አለበት። በሰባት ዓመት ውስጥ ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ለሰነድ አረጋጋጭ ካልተሰጠ ግን ይቀራል። በቃል የሚደረገው ደግሞ በሦስት ወር ይቀራል፤ ቤት የሚያስተላልፍም አይደለም።

ውጭ አገር ያሉ ልጆች አሜሪካ ያስጻፉት «ሊቪንግ ትረስት» (በሕይወት ሳሉ የሚቋቋም አደራ) ለአምበሩ ቤት ይበቃል ብለው ያስባሉ። የኢትዮጵያን ቤት የሚዳኘው የኢትዮጵያ ሕግ ነው፤ ለዚህኛው ቤት ለብቻው እዚህ ይጻፍ።

ደረጃ 6፦ ወረቀቱን ማስቀመጥና ሲደርስ ማንቀሳቀስ

ዋናው ቅጂ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጩ ዘንድ ይቀመጥ፤ ቅጂውን ለባለአደራውና ለባለቤትዎ ይስጡ። በየጊዜው ያውጡትና ያንብቡት፤ ልጅ ሲወለድ፣ ቤት ሲሸጥ፣ ባለአደራው ሲጣላዎት አዲስ ይጻፉ።

ሞት ሲመጣ ባለአደራው ኑዛዜውንና የሞት ምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ሳይዝ ማዘጋጃ ቤትም ሆነ ባንክ ቢሄድ በከንቱ ይመላለሳል። የባንክ ሠራተኛው «የአደራ ሒሳብ» የሚባል ቅጽ አላውቅም ሊለው ይችላል፤ ያን ጊዜ በሁለቱ ባለአደራዎች ስም፣ በጣምራ ፊርማ አዲስ ሒሳብ ይከፈታል፣ ሌላ አንድም ብር አይገባበትም። የተከራዮቹ ውልም በባለአደራነቱ ስም ይታደሳል። የመጀመሪያው የመስከረም ሒሳብ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ሁሉም ደረሰኝ በአንድ ፋይል ይሰብሰብ፤ የቤት ግብሩን ጨምሮ።