አክተሩ የት ያድራል? (የበቀል ፊልም መቼ ይሠራል፣ መቼስ ይከሽፋል)

ለፊልም ሂስ ኮርስ አጭር ጽሑፍ አዘጋጁ ስንባል አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ የፍቅር ፊልም መረጡ። እኔ የበቀል ፊልም መረጥኩ፤ ያውም ደም የሚረጭበትን፣ አጥንት የሚሰበርበትን። አንዳንዶቹ ሳቁብኝ። «እሱ ደግሞ ምን የሚጻፍ ነገር አለው? ይገድላል፣ በቃ» ያለኝም አለ። ይህቺ ጽሑፍ እንግዲህ ለእሱ የተሰጠች መልስ ናት።

ያደግሁት ዓለም ባንክ ነው። ከአየር ጤና ታክሲ ይዞ ወደዚያ የወጣ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሰፈራችን ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተሠሩ ቤቶች ነው ይባላል። ስሙ የትየለሌ ቢሆንም እኛ ልጆች ፊልም የምናየው ሲኒማ ቤት ገብተን አልነበረም። ቪዲዮ ቤት ነበር የምንገባው፤ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የሚወዛወዝ አግዳሚ፣ ብርሃን እንዳይገባ በመስኮቱ ላይ የተወጠረ ብርድ ልብስ። እኔ የደረስኩት ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ነው። ታላቅ ወንድሜ ግን ሙሉ ትምህርቱን የተማረው እዚያ ነው ማለት ይቻላል፤ ቫንዳምን፣ ብሩስ ሊን፣ ሽዋዚንገርን የአጎቱን ልጆች ያህል ያውቃቸዋል። ዛሬ ያ ቤት የለም። በምትኩ ፍላሽ ይዘን የምንሄድበት ፊልም ማስጫኛ አለ። ልጁን «ምን ልጫንልህ?» ሲል ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ የሚበዛው መልስ «አክሽን፣ ግን ታሪክ ያለው» የሚል ነው። «ታሪክ ያለው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቅ አንዱ ደንበኛ ሲመልስልኝ፣ «የሚደባደብበት ምክንያት ያለው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም በመማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁም።

ለቡችላ?

በቪዲዮ ቤት ቋንቋ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው ያለው፤ አክተሩና ሽፍታው። አክተሩ አይሞትም፤ ሽፍታው የግድ ይሞታል። ጥያቄው እንግዲህ ማን ይሞታል አይደለም። ጥያቄው እኛ ሞቱን እንድንፈልገው ያደረገን ምንድን ነው የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «ጆን ዊክ» ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ከሰፈር ልጆች ጋር እንደገና አየሁት። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሚስቱ በሕመም የሞተችበት ሰው አንዲት ቡችላ አለችው፤ የወሮበላ አለቃ ልጅ ቤቱ ገብቶ መኪናውን ይሰርቃል፣ ቡችላዋንም ይገድላል። እዚህ ላይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ለቡችላ? ለቡችላ ነው ይሄ ሁሉ ሰው የሚያልቀው?» ተባለ። እኛ ዘንድ ውሻ በር ላይ ታስሮ የሚያድር ነው እንጂ ለእሱ ደም የሚፈስለት አይደለም። ሳቁ ግን አልቆየም። ምክንያቱም ፊልሙ ከዚያ በፊት አንድ ነገር በጥንቃቄ ሠርቶ ነበር፤ ቡችላዋን የላከችለት ሟቿ ሚስቱ ናት፤ ብቻህን እንዳትሆን ብላ፣ ከመሞቷ በፊት አዘጋጅታ። ስለዚህ የተገደለው ውሻ አይደለም፤ የሚስቱ የመጨረሻ ቃል ነው። ይህ የገባቸው ልጆች ዝም አሉ፤ ከዚያ በኋላ «ለቡችላ?» ያለ የለም።

ትምህርቱ ይህ ነው፤ ቁስሉ ትልቅ መሆን የለበትም፣ ትክክለኛ መሆን አለበት። ብዙ ደካማ ፊልሞች ቤተሰብ በሙሉ ያስጨርሱና እኛ ግን አንድ እንባ አናወጣም፤ ሟቾቹን አላወቅናቸውማ! በሦስተኛው ደቂቃ ተዋውቀን በአምስተኛው ከቀበርናቸው የማን ለቅሶ ነው የምንቀመጠው?

እዚህ ላይ አንድ የምንሳሳተው ነገር አለ። የ1985ቱን «ኮማንዶ» ወንድሜ እስካሁን የበቀል ፊልም ነው ብሎ ይከራከረኛል። አይደለም። ሽዋዚንገር ልጁን ሊያድን ነው የሚሮጠው፤ አሥራ አንድ ሰዓት አለው፣ ሰዓቱን ሞልቷል፣ እኛም አብረነው እንቆጥራለን። በማዳን ፊልም መጨረሻው ላይ የሚገኝ ነገር አለ፤ ልጅቷ ትመለሳለች። በበቀል ፊልም ግን የሚመለስ የለም። ሽፍታው ቢሞትም ሟቹ አይነሣም። በቀል ከማዳን የሚከብደው ለዚህ ነው፤ ጸሐፊው ተመልካቹን ባዶ ወደሆነ ቦታ በፍጥነት ማስኬድ አለበት፤ ሲደርስም ተታለልኩ እንዳይል።

የታጠፈው ጋቢ

ስለ ማዘግየት ሳወራ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የራሜሽ ሲፒን «ሾሌ» መዝለል አልችልም። እናቶቻችን ሳይቀሩ የሚያውቁት ነው። ታኩር የተባለው የቀድሞ ፖሊስ ጋባር ሲንግ የተባለውን ሽፍታ በሕይወት እንዲያመጡለት ሁለት ሌቦች ይቀጥራል። ሰውየው ሁልጊዜ ትከሻውን በነጠላ ነገር ሸፍኖ ነው የሚታየው፤ እኛም እንደ ጋቢ ነው የምናየው፣ አንጠረጥርም። በበዓሉ ቀን ሽፍቶቹ መንደሩን ሲወሩ ጠመንጃው ከእግሩ ሥር ወድቆ እያለ አንሥቶ አያቀብላቸውም። ሌቦቹ ተናደዱ፤ እኛም ተናደድን፤ ፈሪ ነው አልን። ከዚያ ያለፈው ታሪክ ይመጣል፤ ቤተሰቡ እንዴት እንዳለቀ፣ እሱም እንዴት እንደተያዘ። ወደ አሁኑ ስንመለስ ነፋስ መጣና ልብሱ ወደቀ። እጅ የለውም። ሁለቱንም ጋባር ቆርጦበታል።

አስቡት፤ ይህንን መጀመሪያ ላይ ቢያሳየን እናዝንለት ነበር፣ በቃ። አዘግይቶ ሲያሳየን ግን በሰውየው ላይ የፈረድነውን ፍርድ አፍረን ወደ ሽፍታው እናዞረዋለን። የራሳችን እፍረት ቁጣ ሆነ ማለት ነው። ድብድቡ ከዚህ በኋላ የቱንም ያህል ቢከፋ ተመልካቹ ውስጡ ገብቷል። መጨረሻው ላይ ታኩር በሚስማር ጫማው ጋባርን ረግጦ እንዲገድለው ተቀርጾ ነበር፤ ጊዜው ሕንድ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ስለነበር ሳንሱሩ አልፈቀደም፤ ፖሊስ ደርሶ ሕጉን የሚያስታውስበት መጨረሻ ተተካ። የመጀመሪያው መጨረሻ የታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የትኛው ይሻላል የሚለውን ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ማዘግየት አዲስ ነገር አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው «ሐምሌት» ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ገዳዩ ለጸሎት ተንበርክኮ፣ ጀርባው ተሰጥቶ፣ ሰይፉ በእጁ ሆኖ ይተወዋል። ቪዲዮ ቤት ቢሆን «ምን ይጠብቃል ይሄ!» እየተባለ ይጮህበት ነበር። ጩኸቱ ራሱ ነው ቴአትሩን የሚያስኬደው።

ዱላው ይታይ

ስለ ድብድቡ በአጭሩ ልበል። ጥሩ የድብድብ ትዕይንት ሰውነት ያሳያል። የ«ጆን ዊክ» ዳይሬክተር ቻድ ስታሄልስኪ በ«ማትሪክስ» ጊዜ የኪያኑ ሪቭስ ስታንት የነበረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ካሜራውን ራቅ አድርጎ ያቆመዋል፣ ሳይቆርጥም ያቆየዋል፤ ጥይት ሲያልቅበትና ሲያጎርስ ሳይቀር እናያለን። በ2003ቱ የኮሪያ ፊልም «ኦልድ ቦይ» ውስጥ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት የታሰረ ሰው በአንድ መዶሻ በጠባብ ኮሪደር ሲጋደል ካሜራው ከጎን ሆኖ አንዴም ሳይቆረጥ ይከተለዋል። ሰዎቹ ይደክማሉ፣ ያለከልካሉ፣ ይቆማሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ድካሙ ነው እውነት የሚያደርገው። ካሜራ እያንቀጠቀጡ በየግማሽ ሴኮንዱ የሚቆርጡት ግን ዱላውን የሚደብቁት መምታት ስለማይችሉ ነው፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

ወደ ሀገራችን

የአማርኛ ፊልም ገበያ ለረጅም ጊዜ የፍቅርና የኮሜዲ ስለሆነ «የበቀል አክሽን» ብለን በኩራት የምንጠራው ብዙ የለንም። ጉዳዩ ግን ከመጀመሪያዎቹ ፊልሞቻችን ጀምሮ አለ። በ1960ዎቹ በሚሼል ፓፓታኪስ የተሠራው «ጉማ» ስሙን የወሰደው ከደም ካሳው ሥርዓት ነው፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የፊልም ሽልማትም በዚሁ ስም ይጠራል። ገርሞኝ ነበር፤ ትልቁ የፊልም ሽልማታችን ስሙ የደም ዋጋ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1966 ዓ.ም. ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። እብድ የሚባለው ከበበ ባለርስቱን እስኪገድለው ድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ማረስ፣ መሸከም፣ መሰደብ ነው የምናየው። አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ። እኔም መጀመሪያ አንቀላፍቼበታለሁ፣ አልዋሽም። ሁለተኛ ሳየው ግን ገባኝ፤ አሰልቺነቱ ራሱ ቁስሉ ነው።

«ድፍረት» (በ2006 ዓ.ም. የታየው የዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ፊልም) ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል። በበቀል ፊልም ጥይቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚተኮሰው፤ እዚህ ግን የተጠለፈችው ልጅ ገና ከመጀመሪያው ጠላፊዋን ትገድላለች። የቀረው ፊልም የሚጠይቀው ከተኮሰች በኋላ ምን ይደረጋል ብሎ ነው፤ ፖሊስ፣ ጠበቃ፣ ፍርድ ቤት፣ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች። መነሻው በ1989 ዓ.ም. የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ሲሆን ጠበቃዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። በቀል ነው ወይስ ራስን መከላከል? ፍርድ ቤቱ ራስን መከላከል ነው ብሎ አሰናበታት። የሟች ወገን ግን እንደዚያ አልቆጠረውም።

የአባቴ ጥያቄ

አሁን ይህን ርዕስ የመረጥኩበትን እውነተኛ ምክንያት ልናገር። አባቴን አስፈቅጃለሁ።

አባቴ ግንበኛ ነው። ተወልዶ ያደገው ጎጃም ነው። አያቴ በድንበር ጠብ ሲገደል አባቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ የበኩር ልጅ ስለሆነ ደም መመለስ የእሱ ነው ተባለ። አያቴ (ሴቷ) በሬ ሸጣ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ ሰደደችው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እየተባለ ዓመታት አለፉ። በዚያ አገር «ሽፍታ» ማለት የቪዲዮ ቤቱ ሽፍታ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ደም መልሶ ጫካ የገባው፣ ማለትም የእኛ አክተር ነው። ከአርበኝነቱ በፊት በላይ ዘለቀም ሽፍታ ነበር።

ባለፈው እረፍት «ጆን ዊክ»ን ቤት ውስጥ ሳይ አባቴ ከሥራ ገባና ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ ማየት ጀመረ። ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል። እሱ ምንም አላለም። ትንሽ ቆይቶ፣

«ይሄ ሰውዬ ከገደለ በኋላ የት ነው የሚያድረው?» አለኝ።

ሳቅሁ። ከዚያ ግን ፊልሙ ለካ መልስ አለው። ገዳዮች የሚያድሩበት ኮንቲኔንታል የሚባል ሆቴል አለ፤ እዚያ ውስጥ ደም ማፍሰስ ክልክል ነው፤ ያፈሰሰ ይሞታል። ይህንን ስነግረው አባቴ ተቀመጠ። «እንደ ደብር ነዋ» አለ። ድሮ ነፍስ ያጠፋ ሰው ደብር ገብቶ ደወል ከያዘ አይነካም ነበር፤ እሱን ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም የበቀል ፊልም የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው። ከገደለ በኋላ የት ያድራል? ማን እራት ያቀርብለታል? የሽፍታው ልጅ የት ነው? ደካማው ፊልም ይህን አይጠይቅም፤ ሽፍታው ወደቀ፣ ሙዚቃ፣ አለቀ። «ጆን ዊክ» በ2017፣ በ2019 እና በ2023 ሦስት ክፍል የጨመረው ገበያው ስለፈለገ ነው፤ ግን ታሪኩም ይፈቅድለታል፣ ምክንያቱም የተገደለ ሁሉ ወገን አለው። በ«ሾሌ» ሁለት መጨረሻዎች መካከል ምረጥ ብባልም አሁን መስፈርቴ ይኸው ነው። የሳንሱሩን መጨረሻ አልወደውም፤ ፖሊሱ ከውጭ ተጨምሮ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ግን ታኩር ገድሎ ሲያበቃ እጅ የሌለው ሰው እንደሆነ ይቀራል፤ እንባውን የሚጠርግበት የለውም።

የእኛ ቤት ደም የደረቀው በአሥራ አንደኛው ዓመት ነው። ሽማግሌዎች ገብተው አባቴ ተጠርቶ ሄደ። ሰውየው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ መጣ። ፊልም ላይ በዚህ ሰዓት ካሜራው የሽፍታውን ፊት በቅርብ ያሳየናል፤ ፍርሃቱን ማየት ክፍያችን ነውና። አባቴ ግን ፊቱን አላየውም፤ ሰውየው አጎንብሷል። ያየው ማጅራቱን ነው፤ ሽበት የወረረው፣ በላብ የራሰ። እኔ ብቀርጸው ካሜራውን የማስቀምጠው እዚያው አባቴ ዓይን ላይ ነው፤ አልቆርጥም፣ ፊቱንም አላሳይም።

«ያኔ ምን አልከው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ተነሥ አልኩት» አለኝ። «ድንጋዩ ከባድ ነበር።»