ወጣት ጨዋታ አቀጣጣይን በሚንገዳገድ ክለብ ውስጥ ማሳደግ፦ ከአሜሪካው ኳርተርባክ ልምድ የሚወሰድ ትምህርት

መግቢያ

በቦርከና ሸለቆ፣ በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ ሜዳዎች ያደገ ታዳጊ ከፍ ወዳለ ደረጃ ሊሻገር ሲያስብ በቅርብ የሚያገኛቸው ክለቦች በኮምቦልቻ፣ በደሴና በወልድያ የሚገኙት ናቸው። በአካባቢው ግን የበላይ ሊጉ መቀመጫ የጸና አይደለም፤ ወልድያ ከተማ በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዷል። ከዚህ በመነሣት ይህ አጭር ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ለመውረድ የተቃረበ ክለብ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨዋታ አቀጣጣይን መቼና እንዴት ሊያሰልፍ ይገባል? ውሳኔው የክለቡን በሊጉ መቆየትና የወጣቱን የሙያ ዕጣ በአንድነት የሚያስይዝ ነው።

የንጽጽሩ መሠረት

በአሜሪካ እግር ኳስ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው በኳርተርባኩ ላይ ነው። ኳርተርባክ በእያንዳንዱ የማጥቃት ሙከራ መጀመሪያ ኳሱን ተቀብሎ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ለማን እንደሚያቀብል የሚወስን ተጫዋች ነው። በዚያ ሊግ የተጫዋቾች ዓመታዊ ምርጫ ቅድሚያውን ባለፈው ዓመት ውጤቱ ለከፋው ቡድን ስለሚሰጥ፣ ተስፋ የተጣለባቸው ወጣት ኳርተርባኮች ብዙውን ጊዜ በደካማ ቡድን ይጀምራሉ።

የሁለት ተጫዋቾች ጅማሮ ለንጽጽር ይመቻል። ሁለቱም በየዓመታቸው በአንደኛነት የተመረጡ፣ በመጀመሪያ ዓመታቸውም አሥራ ስድስቱንም ጨዋታዎች የጀመሩ ናቸው። ፔይተን ማኒንግ እ.ኤ.አ. በ1998 ለኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ሲሰለፍ 28 ኳሶች በተቃራኒ ቡድን ተጠልፈውበታል፤ ቡድኑም 3 አሸንፎ 13 ተሸንፏል። በማግስቱ ዓመት ግን ውጤቱ ተገልብጦ 13 ድልና 3 ሽንፈት ሆነ። ዴቪድ ካር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ ለተቋቋመው ሂዩስተን ቴክሳንስ ሲጫወት፣ ኳሱን ሳይለቅ 76 ጊዜ በተከላካዮች ተይዞ ወድቋል። ማኒንግ በመጀመሪያ ዓመቱ እንዲህ የወደቀው 22 ጊዜ ብቻ ነበር። ካር የተጠበቀበትን ደረጃ ሳይደርስ ቀርቷል።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚወጣው ግምት ወጣቱን የሚሰብረው ስሕተቱ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ማኒንግ ብዙ ተሳስቷል፤ ይሁን እንጂ የተሳሳተው ለማየትና ለመወሰን ጊዜ እያገኘ ስለነበር ስሕተቱ ትምህርት ሊሆነው ችሏል። ካር ግን ከመወሰኑ በፊት ይወድቅ ነበር። ለመወሰን ጊዜ የሌለው ተጫዋች የሚለምደው መሸሽን እንጂ ማንበብን አይደለም።

በአንጻሩ ፓትሪክ ማሆምስ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ጨዋታ ብቻ ጀምሮ፣ በቀጣዩ ዓመት 50 የግብ ቅብብሎችን አስመዝግቧል። ይህ ምሳሌ ወጣትን ለማቆየት እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ካንሳስ ሲቲ በዚያን ጊዜ ጠንካራ ቡድንና ልምድ ያለው ኳርተርባክ ስለነበረው ምሳሌው ለሚንገዳገድ ክለብ በቀጥታ አይሠራም።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ልዩነት

በሁለቱ ሊጎች መካከል አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። ኮልትስ 13 ጊዜ ቢሸነፍም ከሊጉ አልወረደም፤ ትዕግሥቱ ያስከፈለው ዋጋ የተወሰነ ነበር። በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ግን መውረድ ስላለ ትዕግሥት ራሱ ውድ ነው። አሠልጣኙ ወጣቱን አምኖ ሦስት ጨዋታ ቢሸነፍ ሥራውን ሊያጣ ይችላል። በዚህ የተነሣ ክለቦች ባለ ልምድ ተጫዋች መርጠው ወጣቱን በተጠባባቂ ወንበር ማስቀመጣቸው፣ ወይም ሁሉም ነገር ከተበላሸ በኋላ በጭንቅ ሰዓት ማስገባታቸው የሚያስገርም አይደለም።

የኢትዮጵያ ቡና ልምድ በዚህ ረገድ ሊታይ የሚገባው ነው። ቡና ለመውረድ የተቃረበ ክለብ አልነበረም፤ ተጫዋቹ አቡበከር ናስርም አጥቂ እንጂ ጨዋታ አቀጣጣይ አይደለም። የሚያመሳስለው የቡድኑ ሸክም በአንድ ወጣት ላይ መውደቁ ነው። በአሠልጣኝ ካሳዬ አራጌ ዘመን ቡድኑ ኳስን ከግብ ጠባቂው ጀምሮ በአጭር ቅብብል የመመሥረት አጨዋወትን ተከተለ። የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበረው አቡበከር 29 ግቦች አስቆጥሮ የሊጉን የአንድ የውድድር ዘመን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክለቡም ከፋሲል ከነማ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አስፈረመው። አንድ አጋጣሚ ሕግ አያቆምም፤ ሆኖም አጨዋወቱ በየሳምንቱ ውጤት አለመቀያየሩ ለወጣቱ ተመሳሳይ ኳስ በተመሳሳይ ቦታ ደጋግሞ የመቀበል ዕድል እንደሰጠው መገመት ይቻላል።

የሚመከር አካሄድ

መውረድ የሚያሰጋው ክለብ ትዕግሥትን በርካሽ ዋጋ መግዛት አለበት። ለዚህም ሦስት ነገሮች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ ጥበቃ። ክለቡ ያለውን ጥቂት ገንዘብ ከወጣቱ ጋር ለሚፎካከር ሌላ አቀጣጣይ ከማውጣት ይልቅ ከጎኑ ለሚቆም ባለ ልምድ የተከላካይ አማካይ ቢያውለው ይሻላል። ይህ ተጫዋች ለወጣቱ የሚገዛለት ያንኑ የመወሰኛ ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ የተመጠነ ኃላፊነት። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የተፈቀደው የአምስት ተጫዋቾች ቅያሪ ወጣቱን በከፊል ሰዓት ለማጫወት በር ከፍቷል። ሠላሳ ጨዋታዎች ባሉት የውድድር ዘመን በመጀመሪያዎቹ አሥር ጨዋታዎች ተቀይሮ እንዲገባ፣ በቀጣዮቹ አሥር በሜዳው ጨዋታዎች እንዲጀምር፣ ከዚያም ሙሉ ኃላፊነት እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ወሳኙ ነጥብ ዕቅዱ ከውድድሩ በፊት በክለቡ አመራር መጽደቁ ነው፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ሽንፈት ይሻራል።

ሦስተኛ፣ ተገቢ መለኪያ። ግብና ነጥብ የቡድኑን ድካም ከወጣቱ ድካም አይለዩም። ይልቁንም ፊቱን ወደ ተቃራኒ ግብ አዙሮ የተቀበላቸው ኳሶች፣ ከተቀበለ በኋላ እስኪያቀብል የወሰደበት ጊዜ፣ በራሱ ሜዳ ክፍል ያጣቸው ኳሶች ቢመዘገቡ እድገቱ ይታያል። ፊቱን አዙሮ የሚቀበላቸው ኳሶች በተከታታይ ከቀነሱ ጥበቃው አልሠራም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከወጣቱ በፊት በዙሪያው ያለው አደረጃጀት ይመርመር። ለዚህ ሥራ አንድ የቪዲዮ መቅረጫና አንድ የሠለጠነ መዝጋቢ ይበቃሉ።

ማጠቃለያ

ደካማ ቡድን በራሱ ወጣትን አያበላሽም፤ የሚያበላሸው ጥበቃ ሳያዘጋጁ ሸክም መጫን ነው። በአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪዎች ከላይ የቀረቡትን መለኪያዎች በአንድ ክለብ ላይ ቢያንስ ለሁለት የውድድር ዘመን ቢከታተሉ፣ አሠልጣኙ ወጣቱን የሚያሰልፍበትም ሆነ የሚያቆይበት ውሳኔ ከስሜት ወደ ማስረጃ ይሸጋገራል።