ገልባጭ መኪና ሲጮህ «መቼ ነው የሚጮኸው?» ብለን እንጠይቅ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አሮጌ ገልባጭ መኪና ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ማንበብ የሚከብደው ጎረቤት ካለ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።

አሮጌ መኪና ብዙ ሥራ ይሠራል። አፈርና ድንጋይ ያመላልሳል፤ እህል ገበያ ያደርሳል። በአገራችን «ኤንትሬ» እየተባለ የሚጠራውን ፊያት የጭነት መኪና ብዙ ሰው ያውቀዋል። መሪው በቀኝ በኩል ነው፤ ሞተሩም ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ነው። የፊያት 682 ዘር መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ነው። እንዲህ ያለ መኪና ዕድሜው የሚረዝመው ድምፁን የሚያዳምጥለት ሰው ሲያገኝ ነው።

በሬ ሲያነክስ ምን እናደርጋለን? ወዲያው ቢላዋ አናነሣም። «ሲነሣ ነው የሚያነክሰው? ዳገት ሲወጣ ነው? ወይስ ቀንበር ሲጫንበት?» ብለን እንጠይቃለን። መኪናም እንደዚሁ ነው። ድምፅ ሲሰማ መፍቻ ከማንሣት በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አዳዲስ ቃላት

ካምቢዮ፦ ማርሽ የሚቀየርበት፣ ጥርሳም ብረቶች በዘይት ውስጥ የሚዞሩበት ሣጥን።
ፍሪሲዮን፦ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝና የሚለያይ።
ፒቲኦ፦ የኃይል መውጫ። ከካምቢዮ ኃይል ወስዶ ለሌላ ሥራ ይሰጣል።
ኩሽኔታ፦ ዘንግ ሳይፋተግ እንዲዞር የሚደግፍ፣ በውስጡ የብረት ኳሶች ያሉበት ቀለበት።
ክሮቼራ፦ በዘንግ ጫፍ ያለ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ።
ጓርኒሲዮን፦ በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ስስ ማሸጊያ።

ፒቲኦ እንዴት ይሠራል?

በብዙ አሮጌ የጭነት መኪኖች ፒቲኦው በካምቢዮው ጎን በቡሎን ይታሰራል። በጎኑ ባለው ቀዳዳ የፒቲኦው ጥርስ ገብቶ ከካምቢዮው ጥርስ ጋር ይያያዛል። ሹፌሩ ፒቲኦውን ሲያስገባ ኃይሉ በዘንግ አድርጎ ወደ ፓምፑ ይሄዳል። ፓምፑ ዘይት ይገፋል። ዘይቱም የጭነት ሣጥኑን ወደ ላይ ያነሣል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መኪናው ቆሞ፣ በየትኛውም ማርሽ ላይ ሳይሆን፣ ሞተሩ ከሠራና ፍሪሲዮን ካልተረገጠ በካምቢዮው ውስጥ ያሉ ጥርሶች ይዞራሉ። በብዙዎቹ መኪኖች የፒቲኦው የመጀመሪያ ጥርስም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ፒቲኦ ሳይገባም ሊጮህ ይችላል። በአንዳንዶቹ ግን ጥርሱ የሚያያዘው ፒቲኦው ሲገባ ብቻ ነው። የእናንተ መኪና የትኛው እንደሆነ መካኒኩን ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ሕይወት

ድምፅ ለመስማት ብሎ በሚሠራ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው! ለምን? በሒሳብ እንየው። የትራክተር የኃይል መውጫ ብዙውን ጊዜ በ1 ደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። 540 ለ60 ሲካፈል 9 ነው። በ1 ሴኮንድ 9 ጊዜ ማለት ነው። 4 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ዘንግ አንድ ዙር ሲዞር 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጨርቅ ይጠቀልላል። በ9 ሲባዛ ከ1 ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ አንድ ሰው «እኔን!» ብሎ ሳይጨርስ ነጠላው አልቆ ክንዱ ይደርሳል። የመኪና ዘንግ ደግሞ ከዚህም ሊፈጥን ይችላል።

ስለዚህ፦
1. መኪናውን በደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፤ በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርጉ።
2. ሣጥኑ ባዶ ይሁን፤ ወደ ታችም ይውረድ።
3. አንድ ሰው መሪው ጋ ይቀመጥ። አንድ ሰው ደግሞ ሹፌሩ በሚያየው ቦታ፣ በጎን ራቅ ብሎ ቆሞ ያድምጥ። ጋቢና ነጠላ ይውለቅ። ልጆች ይራቁ።
4. በእጅ የሚነካ ነገር ካለ ሞተሩ ይጥፋ፤ ቁልፉ ይነቀል። ሁሉም ነገር መዞሩን እስኪያቆም ጠብቁ።
5. በተነሣ ሣጥን ሥር ያለ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ማንም አይግባ። ዘይት ብቻውን አይታመንም። ቱቦ ቢፈነዳ ሣጥኑ ባንድ ጊዜ ይወርዳል።

«ሁልጊዜ» መልስ አይደለም

ብዙ ሹፌርና መካኒክ የሚነጋገሩት እንዲህ ነው።

— ጋሼ፣ ፒቲኦው ይጮኻል።
— መቼ ነው የሚጮኸው?
— ኧረ ሁልጊዜ!
— ልጄ፣ ፍሪሲዮን ስትረግጥስ?
— እሱን እንኳ አላየሁም።
— እንግዲያው ሂድና እይ። ያን ጊዜ እንፈታዋለን።

መካኒኩ እውነቱን ነው። አምስት ፈተናዎች አሉ፤ በተራ እንሥራቸው።

1ኛ ፈተና። ፒቲኦው አይግባ። ሞተሩ በቀስታ ይሥራ። አድምጡ። ከዚያ ፍሪሲዮን እስከ ታች ይረገጥ፤ ጥቂት ቆዩ። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ያለው ከካምቢዮው ወይም ከፒቲኦው ነው። ድምፁ እንዳለ ከቀጠለ ወደ ሞተሩ እንመልከት። ቀድሞ ያልነበረ ድምፅ ሲረገጥ ብቻ ከመጣ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ እንጠርጥር። ያን ጊዜ ፒቲኦው ንጹሕ ነው፤ እንዲያው በከንቱ አይፈታ።

2ኛ ፈተና። ፍሪሲዮን ተለቆ ድምፁ ከተመለሰ ነዳጁን ትንሽ ከፍ አድርጉ። መንኳኳቱ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ነው። የናፍጣ ሞተር በቀስታ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሶቹንም ያንኳኳቸዋል። የሞተሩ ቀስታ ተስተካክሎ ይሞከር።

3ኛ ፈተና። ፍሪሲዮን ርገጡ፤ ጥርሶቹ እስኪቆሙ ጥቂት ጠብቁ፤ ከዚያ ፒቲኦውን አስገቡ። ሲገባ «ገርርር» ካለ ወይ ሹፌሩ ቸኩሏል፤ ወይ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፤ ወይ የማስገቢያው ዘንግ ወይም ገመድ መስተካከል ይፈልጋል።

4ኛ ፈተና። ፒቲኦው ገብቶ ያለ ጭነት ይዙር። አሁን አዲስ ድምፅ ከመጣ ዘንጉን፣ ክሮቼራውንና የፒቲኦውን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ሞተሩን አጥፉ፤ ቁልፉን ንቀሉ። ዘንጉን በእጅ ይዛችሁ ወዝውዙት። ክሮቼራው ከላላ ወይም ግሪስ ደርቆበት ዝገት ካሳየ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

5ኛ ፈተና። ባዶውን ሣጥን በቀስታ አንሡ። ድምፁ ሣጥኑ ሲነሣ ብቻ ከሆነ ወደ ፓምፑና ወደ ዘይቱ እንሂድ። ሣጥኑ እየተንቀጠቀጠ ከተነሣ፣ በዘይት ጋኑም አረፋ ከታየ፣ ዘይት ጎድሏል ወይም አየር ገብቷል። ሣጥኑ ጫፍ ደርሶ ሲጮህ ደግሞ ዘይቱ መሄጃ አጥቶ በመመለሻው በኩል እየወጣ ሊሆን ይችላል። ማንሻውን ወዲያው ልቀቁ።

ፉጨትና መንኳኳት

ፒቲኦ ተፈትቶ ከታሰረ በኋላ የጀመረ ድምፅ ካለ ጓርኒሲዮኑን አስቡ። ብዙ ሰው ጓርኒሲዮን ዘይት እንዳይፈስ ብቻ የሚገባ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለውን ርቀት የሚወስነውም እሱ ነው።

ቀጭን ፉጨት ከተሰማ ጥርሶቹ ከመጠን በላይ ተጠጋግተዋል። መንኳኳትና መንገጫገጭ ከተሰማ ተራርቀዋል። በብዙዎቹ በጎን የሚታሰሩ ፒቲኦዎች በጥርሶቹ መካከል የሚፈለገው ክፍተት ከ0.15 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ክፍተቱ ከአንድ ወረቀት ተኩል እስከ ሦስት ወረቀት ብቻ ነው! ከካርቶን ተቀዶ የተሠራ ጓርኒሲዮን ይህን ልክ ያበላሻል። ልኩን በመለኪያ የሚያስተካክለው መካኒክ ነው፤ የሚከተለውም የፋብሪካውን ቁጥር ነው።

አደራ! ድምፁ እስኪጠፋ ብሎ ማጠጋጋት ስሕተት ነው። የላላ ጥርስ ይንኳኳል፤ የጠበቀ ጥርስ ግን ይግላል፤ ይሰበራል። የተሰበረው ጥርስ ካምቢዮው ውስጥ ከወደቀ ሌላውንም ይሰብራል።

ዘይቱ ይናገራል

ብዙውን ጊዜ ፒቲኦውና ካምቢዮው የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ የካምቢዮውን የዘይት መሙያ ቡሎን ፍቱ። በብዙ ካምቢዮዎች ዘይቱ እስከ ቀዳዳው አፍ መድረስ አለበት። ከጎደለ የት እንደሚፈስ ፈልጉ፤ ከዚያ ሙሉ። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። እንደ አመድ የላመ ጥቂት የብረት ብናኝ ያለ ነው። በጣት የሚያዝ ስባሪ ብረት ከተገኘ ግን መኪናው ይቁም፤ አይነሣ።

አንዳንድ ሰው ድምፅ ለማፈን ሰጋቱራ ካምቢዮ ውስጥ ይጨምራል። ይህ የታመመን ሰው አፍ እንደ መያዝ ነው። ጩኸቱ ይቀንሳል፤ በሽታው ግን ይብሳል።

ደግሞም ሣጥኑ ከወረደ በኋላ ፒቲኦውን ሳያወጡ መንዳት ትልቅ ጥፋት ነው። ፓምፑ መንገዱን ሁሉ በከንቱ ይዞራል፤ ይግላል፤ ይቃጠላል። ሣጥኑም በጉዞ ላይ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት «ፒቲኦው ወጥቷል ወይ?» ብላችሁ ተጠያየቁ።

በደብተር እንጻፍ

መካኒክ ሩቅ ሲሆን የሚላክለት ወረቀት ብዙ ድካም ያድናል። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

ድምፁ፦ ይንኳኳል።
መቼ፦ ፒቲኦ ሳይገባ፣ ሞተሩ በቀስታ ሲሠራ።
ፍሪሲዮን ሲረገጥ፦ ይጠፋል።
ነዳጅ ሲጨመር፦ አይጠፋም።
ዘይት፦ ሙሉ ነው፤ ስባሪ ብረት የለውም።
ከመቼ ጀምሮ፦ ፒቲኦው ተፈትቶ ከታሰረ ወዲህ።

ይህን ያነበበ መካኒክ መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑንና ክፍተቱን ያያል። ያ ካልረዳ ፒቲኦውን አውጥቶ ቀዳዳውን በብረት ክዳን ይዘጋል፤ ዘይት ይሞላል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጣል። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ፒቲኦው ነው። ካልጠፋ ካምቢዮው ነው። በዚህ ዓይነት ደኅናው ዕቃ አይፈታም፤ ገንዘብም አይባክንም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኼ ነው።

ጥያቄዎች

1. ፍሪሲዮን ሲረገጥ ድምፁ ቢጠፋ ችግሩ ከየትና ከየት ሊሆን ይችላል?
2. ቀጭን ፉጨት ምን ያመለክታል? መንኳኳትስ?
3. አንድ ዘንግ በ1 ደቂቃ 960 ጊዜ ቢዞር በ1 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ይዞራል?
4. በተነሣ ሣጥን ሥር ያለ ድጋፍ መግባት የማይገባው ለምንድን ነው?
5. በአካባቢያችሁ ያለ መኪና ወይም ትራክተር ድምፅ ካለው፣ ከላይ እንዳየነው አድርጋችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ለሹፌሩም አንብቡለት።